በአንድ ዲስክ ላይ የተንጠለጠለ ቅርስ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል በትምህርት ቤት ግድግዳ፣ በቤተ መጻሕፍት መግቢያና በየስብሰባው የመክፈቻ ንግግር ላይ ሲደጋገም ኖሯል። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያልተነገረ ቅድመ ሁኔታ በውስጡ አለ። የተጻፈው ነገር የሚወረሰው የተጻፈበት አካል እስከ ወራሹ ዘመን ሲቆይ፣ ወይም ያ አካል ከመጥፋቱ በፊት ሌላ ሰው ሲገለብጠው ብቻ ነው። ዛሬ በየባህል ተቋሙ፣ በየማሰራጫ ጣቢያው፣ በየትምህርት ክፍሉና በየቲያትር ቤቱ «በዲጂታል ተቀምጧል» የሚለው ቃል እንደ መጨረሻ መልስ ሲነገር ይህ ቅድመ ሁኔታ ፈጽሞ ተዘንግቷል። ቃሉ ሥራ መጠናቀቁን ያበስራል፤ በእውነቱ ግን ሥራው ገና መጀመሩ ነው። ይህ ስሕተት የቃላት ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ በዝምታ ሊታለፍ ይችል ነበር። ዳሩ ግን ዋጋው የሚከፈለው በሕዝብ ሀብት ነውና በግልጽ ሊሞገት ይገባዋል።

የአሠራሩ ልማድ በሰፊው የታወቀ ነው። ለ30ና ለ40 ዓመታት በመደርደሪያ ላይ የቆዩ የቴፕ ክሮች፣ የፎቶግራፍ ነጌቲቮች፣ የመድረክ ቅጂዎች፣ በእጅ የተጻፉ የተውኔት ረቂቆች አንድ ቀን «ወደ ዲጂታል ይቀየሩ» ይባላል። ኮሚቴ ይቋቋማል፤ መሣሪያ ይገዛል ወይም በዕርዳታ ይገኛል፤ ሁለት ወጣቶች በኮንትራት ይቀጠራሉ፤ ሥራው ሲያልቅ ሪባን ይቆረጣል፤ በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይም «መቶ በመቶ ተከናውኗል» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ የዚያ ሁሉ ድካም ውጤት የሰፈረበት አንድ ሃርድ ዲስክ በኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል። ክሮቹ ግን «ከእንግዲህ ምን ይሠራሉ» ተብለው ወደ ምድር ቤት ይወርዳሉ፤ እርጥበትና አይጥ ይረከባቸዋል፤ ቦታ ሲጠብም ይጣላሉ። ስለዚህ በጥበቃ ስም የተከናወነው ተግባር ቅርሱን ከነበረበት አደጋ አውጥቶ ወደ ባሰ አደጋ ያስገባዋል። ቀድሞ በ1,000 ክሮች ላይ ተበትኖ የነበረው ሀብት አሁን በአንድ ዕቃ ላይ ተንጠልጥሏልና። አንድ ክር ቢበላሽ የሚጠፋው አንድ ዘፈን ወይም አንድ ድራማ ነበር፤ ዲስኩ ሲወድቅ ግን የሚጠፋው መደርደሪያው በሙሉ ነው።

ነገሩ ማጋነን እንዳይመስል ሒሳቡን መሥራት ይበቃል። ድምፅን ለቤተ መዛግብት በሚመጥን ጥራት፣ ማለትም በሴኮንድ 96,000 ጊዜ እየለኩ እያንዳንዱን ልኬት በ24 ቢት እየመዘገቡ በስቴሪዮ ቢቀዱት፣ የአንድ ሰዓት ቅጂ ሁለት ጊጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል። እንግዲህ 2,000 ሰዓት የሚሆን የአዝማሪ፣ የኪነት ቡድንና የሬዲዮ ድራማ ቅጂ ያለው ተቋም ሀብቱን ሁሉ አራት ቴራባይት በሚያህል ቦታ ላይ ያሳርፋል ማለት ነው። ይህም የጸሎት መጽሐፍ በሚያህል ዲስክ ላይ ገብቶ ገና ቦታ ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ1956 አይ.ቢ.ኤም. ያወጣው የመጀመሪያው ባለ ዲስክ ማከማቻ 50 ትልልቅ ሳሕኖች ተደራርበውበት፣ ክብደቱም ወደ አንድ ቶን ተጠግቶ፣ የሚይዘው አምስት ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። ያን የመሰለ ዕቃ በመሳቢያ ሊረሳ፣ ከጠረጴዛ ሊወድቅ ወይም በኪስ ሊወጣ አይችልም ነበር። ዕቃው እያነሰ የሚሸከመው ሀብት ግን እየበዛ በሄደ መጠን የሰው ጥንቃቄ አብሮ ማደግ ሲገባው በተቃራኒው አነሰ።

የሃርድ ዲስክ አሠራር ራሱ ስለ ዘላቂነት የሚሰጠው ተስፋ የለም። በውስጡ ማግኔታዊ ቅብ ያላቸው ሳሕኖች በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ፤ በ7,200 ሲሽከረከር የትልቁ ሳሕን ጠርዝ ፍጥነት በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። መረጃውን የሚያነበውና የሚጽፈው ጭንቅላት ሳሕኑን ሳይነካ፣ ከፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ ጊዜ ባነሰ ርቀት ከላዩ ይንሳፈፋል። እየሠራ ሳለ ቢወድቅ ጭንቅላቱ ሳሕኑን ሊቧጭረው ይችላል። መብራት ሄዶ በከፍተኛ ኃይል ሲመለስ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ሊቃጠል ይችላል። ሳይነካ ለዓመታት የተቀመጠ ዲስክም አንድ ቀን ሲሰካ አልነሣም ሊል ይችላል። የሚሽከረከር አካል የሌለው ፍላሽ ደግሞ መረጃውን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ክምችት ስለሆነ፣ ለብዙ ዓመታት ኃይል ሳያገኝ ከቆየ ያ ክምችት እየሳሳ ይሄዳል። ይህ ሁሉ የአምራቹ ጉድለት አይደለም፤ ዕቃው የተሠራው ለሥራ እንጂ ለውርስ አይደለምና።

የጉግል ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትለው ባወጡት ጥናት፣ በመጀመሪያው ዓመት ከመቶ ከሁለት ያነሱ፣ በሦስተኛው ዓመት ግን ከመቶ ከስምንት የበለጡ ዲስኮች ይበላሹ እንደነበር አሳይተዋል። ከዚህ የበለጠ ሊያስደነግጥ የሚገባው ሌላው ውጤት ነው። ከተበላሹት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ ብልሽትን ይጠቁማሉ በተባሉት በአራቱ ዋና ዋና ምልክቶች አንዳችም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡ ነው የሞቱት። እንግዲህ በዓመት ከመቶ ሦስት ብቻ ይበላሻል ብሎ በለዘብታ ቢታሰብ እንኳ፣ አንድ ዲስክ በ10 ዓመት ውስጥ የመጥፋት ዕድሉ ከመቶ 26 ነው። ከአራት ተቋማት የአንዱ ቅርስ በ10 ዓመት ውስጥ ይጠፋል ተብሎ አዋጅ ቢነገር አገር በተነሣ ነበር። በየመሳቢያው ተቆልፎ ሲጠፋ ግን የሚሰማ የለም።

በዚህ ጊዜ አንዳንድ ወገኖች ብራናን ያነሣሉ፤ «አባቶቻችን ያለ ኤሌክትሪክ ጠብቀው አቆዩን» ይላሉ። ንጽጽሩ ተገቢ ነው፤ የሚሰጡት ምክንያት ግን የተሳሳተ ነው። በአድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተዘጋጁ ታውቋል። በእንግሊዝ አገርም እ.ኤ.አ. በ1086 የተጻፈው የዱምስዴይ መዝገብ ዛሬም ተከፍቶ ይነበባል። የዚህ መዝገብ 900ኛ ዓመት ሲከበር ቢ.ቢ.ሲ. በ1986 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች የተሳተፉበትን አዲስ የአገር መዝገብ አዘጋጅቶ በሌዘር ዲስክ ላይ አኖረው። 16 ዓመት ያህል ሲያልፍ ዲስኩን የሚያነብ መሣሪያ ከገበያ ጠፍቶ፣ የሊድስና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዎች ባለሙያዎች በልዩ ጥናት የድሮውን ኮምፒዩተር ሥራ በአዲስ ኮምፒዩተር አስመስለው እስኪታደጉት ድረስ የማይነበብ ሊሆን ተቃርቦ ነበር። የ900 ዓመቱ ቆዳ ግን ከዓይንና ከብርሃን በቀር መሣሪያ አልጠየቀም።

ይሁን እንጂ ብራና የቆየው ቆዳ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ቆዳም ይቃጠላል፤ ይረጥባል፤ ይዘረፋል። ከጠፉት የብራና መጻሕፍት ጎን ሲታይ የተረፈው ጥቂት ነው። የተረፈውም ያለ ማቋረጥ የሚሠራ ሠራተኛ ስለነበረው ነው። ቆዳውን የሚፍቅ፣ ቀለሙን የሚበጠብጥ፣ ማኅደሩን የሚሰፋ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚገለብጥና የሚያመሳክር ሰው ነበረ። ጸሐፊው ሲጨርስ ግልባጩ ከእናት መጽሐፉ ጋር ይታያል፤ የተዘለለው ከመስመር በላይ ይገባል፤ የተሳሳተው ተፍቆ ይታረማል። መጽሐፉ በአንድ ደብር ብቻ አይቀርም፤ ሌላው ደብር አስገልብጦ ይወስዳል፤ ተማሪውም ዜማውንና ትርጓሜውን በቃሉ ይይዘዋል። አንዱ ደብር ቢቃጠል ሌላው ጋ አለ፤ መጽሐፉ ቢጠፋ በቃል ያለው ያጽፈዋል። ቅጂው ብዙ ነው፤ ቦታው ልዩ ልዩ ነው፤ ዓይነቱም አንድ አይደለም፤ እየታረመም ይኖራል።

የዘመኑ የመረጃ ጥበቃ ባለሙያዎች የሚሰብኩት ደንብ ከዚህ የተለየ ነገር የለውም። ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስፋፋው ደንብ ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ ላይ ይሁን፣ አንዱ በሌላ ቦታ ይቀመጥ ይላል። ደንቡን ያስፋፋው ሥራው እንዳይጠፋበት የተጨነቀ የጥበብ ሰው መሆኑን ልብ ይሏል። ማመሳከሩም ቢሆን ዛሬ በኮምፒዩተር ይሠራል። ከእያንዳንዱ ፋይል አንድ የማረጋገጫ ቁጥር ይሰላል፤ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ቢት ብትለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል። በየጊዜው ቁጥሩን ደግሞ የሚያሰላ ሰው ቅጂው ጤነኛ መሆኑን ያውቃል፤ የተበላሸውንም ከጤነኛው ይተካል። የማያሰላው ግን ሁለት ዲስክ ቢኖረውም የትኛው እውነተኛ እንደሆነ አያውቅም፤ አልፎ ተርፎም የተበላሸውን በጤነኛው ላይ እየገለበጠ ጥፋቱን በገዛ እጁ ያባዛል።

በዚህ ረገድ በአገራችን የሚጠቀስ መልካም ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን በፊልም አንሥቷል። ሥራው የተከናወነው ሥርዓት በተለወጠበትና ጦርነት በበዛበት ዘመን ነው። የፊልሙ ቅጂ በአዲስ አበባ ብቻ አልቀረም፤ ሌላው በአሜሪካ በሚኔሶታ ግዛት በኮሌጅቪል ባለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በዚያ ሆነው ለብዙ ዓመታት ዝርዝሩን እየመረመሩ በካታሎግ አወጡት። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች በአንድነት ተገኝተዋል። ቅጂው ከአንድ በላይ ነበር፤ ቦታው የተራራቀ ነበር፤ ምን እንዳለ የሚናገር ዝርዝርም ተዘጋጅቶለታል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የግዕዝ ሥነ ጽሑፍን የሚያጠና ሁሉ በዚያ ዝርዝር ቁጥር የሚጠቅሰው በዚህ ምክንያት ነው። ፊልሙም ቢሆን በአጉሊ መነጽርና በብርሃን የሚነበብ ስለሆነ እንደ ሌዘር ዲስኩ የአንድ ፋብሪካ መሣሪያ እስረኛ አልሆነም።

ነገር ግን ከዚህ ምሳሌ የተሳሳተ ትምህርት የሚወስዱ አሉ። «ውጭ አገር ቅጂ ካለ ምን ያሳስበናል?» ይላሉ። መልሱን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በብሪቲሽ ላይብረሪ ላይ የደረሰው ጥቃት ሰጥቶታል። ገንዘብ የሚጠይቁ ወንበዴዎች በኮምፒዩተሮቹ ውስጥ ገብተው ሥርዓቱን ሲያናጉት፣ በዲጂታል የቀረቡት የብራና መጻሕፍት ለብዙ ወራት ከአንባቢ ዓይን ተሰወሩ። በአደጋ ላይ ያሉ መዛግብትን ለመታደግ በተቋቋመው ፕሮግራም አማካይነት ከኢትዮጵያ የተነሡ መጻሕፍት ምስልም በዚያው ቤት ነበር። የዚያ ፕሮግራም ደንብ ዋናው መጽሐፍ ከአገሩ እንዳይወጣና ከዲጂታል ቅጂው አንዱ በአገሩ ተቋም እንዲቀመጥ ያዝዛል። እንግዲህ የለንደኑ በር በተዘጋበት በዚያ ወራት አንድ መምህር የአገሩን ቅጂ ፍለጋ ቢሄድ ዲስኩን ማን ያወጣለት ነበር? ዲስኩስ ይነሣ ነበርን? ለዚህ ጥያቄ በድፍረት «አዎን» የማይል ተቋም ቅጂ አለኝ ሊል አይችልም። ሁለተኛ ቅጂ ማለት የመጀመሪያው ሲጠፋ ወዲያው የሚያገለግል ነው እንጂ ለደንብ ማሟያ በፖስታ ውስጥ የሚቀመጥ አይደለም።

ስለ ክላውድ የሚነገረውም ከዚሁ የሚለይ አይደለም። ስሙ ደመና ቢሆንም ነገሩ በሌላ ሰው ቤት ያለ ዲስክ ነው። ማይስፔስ የተባለው ኩባንያ ከ2003 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ሙዚቀኞች ያስቀመጡትን ሥራ ሰርቨር ሲያዛውር እንዳጠፋው በ2019 አመነ። ሥራቸውን በዚያ ብቻ ያኖሩ ወጣት ሙዚቀኞች የደረሰላቸው ይቅርታ ብቻ ነው። መንግሥታዊ ማዕከልም ቢሆን ከዚህ አያድንም። በደቡብ ኮርያ በዴጆን ከተማ በሚገኘው ብሔራዊ የመረጃ ማዕከል እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 እሳት ተነሥቶ የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ሰነድ የሚያኖሩበትን 858 ቴራባይት ማከማቻ አወደመ። ለዚያ ማከማቻ በሌላ ቦታ የተቀመጠ መጠባበቂያ ቅጂ አልነበረም፤ የተሰጠውም ምክንያት የመረጃው መጠን እጅግ ትልቅ መሆኑ ነበር። በቴክኒክ ከዓለም ግንባር ቀደም በሆነች አገር ይህ ከተከሰተ፣ «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ መዝገቡን ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት የሚጣደፍ መሥሪያ ቤት ቆም ብሎ ማሰብ ይገባዋል። መጣደፉ አይነቀፍም። የሚነቀፈው የመቅጃው በጀት ሲያዝ የመጠበቂያው በጀት አለመያዙ ነው።

«መጠባበቂያ ቅጂ አለን» የሚሉትም ቢሆኑ ሊጠየቁ ይገባል። ከፍታችሁ አይታችሁታል? እ.ኤ.አ. በ1998 ፒክሳር የተባለው የፊልም ኩባንያ «ቶይ ስቶሪ 2»ን ሲሠራ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ የፊልሙን አብዛኛውን ክፍል ሰረዘው። መጠባበቂያው ሲከፈት ለሳምንታት በትክክል ሳይቀዳ እንደቆየ ታወቀ፤ ማንም ሞክሮት አያውቅም ነበርና። ፊልሙ የተረፈው አንዲት የቴክኒክ ኃላፊ ልጅ ወልዳ በቤቷ ትሠራ ስለነበር በቤቷ ኮምፒዩተር ላይ ቅጂ በመገኘቱ ነው። ኮምፒዩተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በመኪና እንዳመጡት ይነገራል። ያ ኩባንያ ገንዘብም ባለሙያም ነበረው፤ የጎደለው በወር አንድ ቀን «እስቲ አንዱን ፋይል መልሱት፤ እንየው» የሚል ሰው ነው። እንዲሁም ሁለት ዲስኮችን በአንድ ሣጥን አጣምሮ አንዱ የሌላው መስተዋት እንዲሆን ማድረግ ከዲስክ ብልሽት ቢያድንም፣ በስሕተት የተሰረዘው በሁለቱም ላይ ወዲያው ስለሚሰረዝ መጠባበቂያ አይባልም።

«ገንዘብ የለም» የሚለው ምክንያት ብዙ ቦታ አይሻም። ከላይ የተሰላው የ2,000 ሰዓት ቅጂ በሦስት ዲስክ ላይ ቢቀመጥ፣ የሁለቱ ተጨማሪ ዲስኮች ዋጋ ለአንድ ቀን ዓውደ ጥናት ለሻይ፣ ለምሳና ለአዳራሽ ኪራይ ከሚወጣው አይበልጥም። ብዙውን ጊዜ ያ ዓውደ ጥናት የሚካሄደው «ስለ ቅርስ ጥበቃ» ነው።

ከባዱ ምክንያት በግልጽ የማይነገረው ነው። አያሌ ኃላፊዎች ቅጂ እንዲበዛ አይፈልጉም። ዲስኩ በመሳቢያቸው፣ ቁልፉ በኪሳቸው ሲሆን ተመራማሪው ይለምናቸዋል፤ ጋዜጠኛው ደጅ ይጠናቸዋል፤ የፊልም ሠሪው ምሳ ይጋብዛቸዋል። ቅጂው በሦስት ቦታ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ይቀራል። የጋራ ሀብት እንዲህ ባለ መንገድ የግል ርስት ይሆናል፤ ለዚህም የሚቀርበው ሽፋን «ይሰረቃል፤ የከያኒው መብት ይደፈራል» የሚል ነው። የከያኒው መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው፤ የሚጠበቀውም በፈቃድና በክፍያ እንጂ ሥራውን ለብልሽት በማጋለጥ አይደለም። የጠፋ ዘፈን ለደራሲው አንዲት ሳንቲም አያስገኝለትም። ደግሞም መጠባበቂያ ቅጂ በምስጢር ቃል ተቆልፎ በሌላ ከተማ ሊቀመጥ ይችላል፤ የሚጠብቀው ተቋም ሳይከፍተው ሊጠብቀው ይችላል። ማብዛት ሌላ፣ ማሰራጨት ሌላ ነው።

ቅጂ መብዛቱ ምን እንደሚያድን ከተፈለገ የቢ.ቢ.ሲ. ታሪክ ይበቃል። ጣቢያው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ክር ለመቆጠብ ሲል አያሌ የቴሌቪዥን ድራማዎቹን አጥፍቶባቸው ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ፈላጊዎች በዓለም ሲዞሩ የጠፉት ተብለው ከተቆረጠላቸው የ«ዶክተር ሁ» ድራማ ክፍሎች ዘጠኙ በናይጄሪያ በጆስ ከተማ በሚገኝ የቴሌቪዥን ማስተላለፊያ ጣቢያ ተገኝተው በ2013 ለሕዝብ ተገለጠ። ለንደን ያጠፋውን ጆስ አቆየው። ጣቢያው ለአፍሪካ የሸጠው ቅጂ ባይኖር ኖሮ በዚያ ድራማ የተጫወቱት ከያኒያን ድካም በከንቱ በቀረ ነበር። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳም በ2009 እንዳስታወቀው፣ ሰው በ1969 ጨረቃን የረገጠበትን ምስል በመጀመሪያ ጥራቱ የያዙት ክሮች ለሌላ ሥራ ተደምስሰው ሳይቀሩ አልቀረም። የተረፈው በየቴሌቪዥን ጣቢያው የተቀዳው ቅጂ ነው። ክሮቹን የደመሰሰ ሰው የጨረቃን ታሪክ ለማጥፋት አላሰበም። በእጁ ያለው ሣጥን በመዝገቡ ላይ «ክር፣ ያገለገለ» ተብሎ ቢሰፍር ኖሮ ሌላ ምን ያደርግ ነበር?

በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ያለው የችግሩ ሥርም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የንብረት ክፍል ወንበሩን ቁጥር ይለጥፍበታል፤ ጠረጴዛውን በሞዴል 19 ይረከባል፤ በሞዴል 22 ወጪ ያደርጋል። ሃርድ ዲስኩም እንደ ወንበሩ ይመዘገባል፦ «ሃርድ ዲስክ፣ ብዛት 1፣ የአንዱ ዋጋ ይህን ያህል ብር»። በውስጡ የመቶ ከያኒያን ድምፅ ይኑር ወይም ባዶ ይሁን መዝገቡ አይጠይቅም። ዓመታት ሲያልፉ የዕቃው ዋጋ በመዝገቡ ላይ እየቀነሰ ሄዶ ዜሮ ይጠጋል፤ የያዘው ነገር ግን በዚያው ዓመታት ውስጥ ባለቤቶቹ እያረፉ፣ ዋናው ክር እየሻገተ ሲሄድ ዋጋው ይንራል። በመጨረሻም «አገልግሎቱን የጨረሰ ንብረት» ተብሎ ከተሰበሩ ወንበሮች ጋር ለሐራጅ ይቀርባል። ገዢውም ደምስሶ ፊልም ይጭንበታል። በዚህ ሂደት ውስጥ ከንብረት ሠራተኛው ጀምሮ እስከ ሐራጅ ኮሚቴው ድረስ ደንብ የጣሰ ሰው የለም። ስለዚህ ጥፋቱን በአንድ ግዴለሽ ሠራተኛ ላይ ጥሎ ማለፍ አይቻልም፤ ደንቡ ራሱ ዕቃውን እንጂ ይዘቱን የማያይ ነው።

ለውጡ ከዚህ መጀመር አለበት። ዲስኩ የተገዛበት ሰነድና የያዘው ሀብት ዝርዝር ሁለት የተለያዩ መዝገቦች ይሁኑ። በይዘቱ መዝገብ ላይ የእያንዳንዱ ፋይል ስም፣ የተቀዳበት ክር ቁጥር፣ የማረጋገጫ ቁጥሩ፣ ቅጂዎቹ የሚገኙባቸው ሦስት ቦታዎችና በመጨረሻ የተመሳከረበት ቀን ይስፈር። ከዲጂታል ቅጂው በኋላም ዋናው ክር ያለ ባለሙያዎች ፊርማ ከመደርደሪያ እንዳይወርድ ይደረግ። የማመሳከሩ ሥራ የሥራ መደብ ይኑረው፤ ደመወዝም ይመደብለት። በትርፍ ሰዓት የሚሠራ ሥራ ማንም የማይሠራው ሥራ ነውና። መምህራን ተማሪዎቻቸው የሰበሰቡትን የቃል ግጥምና ተረት በአንድ ፍላሽ ከማስረከብ ይልቅ ለትምህርት ክፍሉና ለሌላ ከተማ ቤተ መጻሕፍት በሁለት ቅጂ እንዲያስረክቡ ያድርጉ። ከያኒያንም ሥራቸውን ለተቋም ሲሰጡ በውሉ ላይ አንድ ቅጂ በእጃቸው እንዲቀር ይደራደሩ። ኃላፊ ሲለወጥም የርክክብ ኮሚቴው መኪናውን አስነሥቶ እንደሚሞክር ሁሉ ዲስኩንም ሰክቶ፣ ከዝርዝሩ ላይ በዘፈቀደ አሥር ቅጂዎችን መርጦ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያድምጥ። አድምጦም ይፈርም፤ ያልሰማው ካለም «አልሰማሁም» ብሎ ይጻፍ።